አባቴ የነከሰው ባትሪ

አባቴ ባትሪ ይነክስ ነበር። ሶዶ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ፋኖስና የእጅ ባትሪ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። የደከመ የባትሪ ድንጋይ ሲያገኝ በመንጋጋው ጫን አድርጎ ይነክሰውና ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ፀሐይ ያስመታዋል። ድንጋዩም ለአንድ ሁለት ምሽት ነፍስ ይዘራል። ይህን ብልሃት ለደንበኛው ሁሉ በነጻ ያስተምር ነበር። ከአፉ የሚወጣው ሌላው ነገር ስድብ ነው።

እናታችን ስድቡን ስትሰማ ኖራ ሞተች። እኔ ያለ ምርቃቱ አግብቼ፣ ባሌን ፈትቼ ወደ ሱቁ የተመለስኩ ዕለት ስሜን ትቶ «የተመለሰ ዕቃ» ይለኝ ጀመር፤ ያውም ደንበኛ ፊት። ታናሽ እህቴ ነርስ ናት። እሷን «ቂጥ ወጊ» ይላታል። እሷ ትስቃለች፤ እኔ አልስቅም። እኔ ቂመኛ ነኝ።

ሲጋራው ሳንባውን ቢያስጮኸው ሐኪሙ ተቆጣው። አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን ይህን ሲሰማ ቬፕ የሚሉትን፣ በባትሪ የሚሠራውን፣ ጭስ ሳይሆን እንፋሎት የሚተፋ ማጨሻ ላከለት። ከአውራ ጣት ወፈር ያሉ፣ እየወጡ ቻርጅ የሚደረጉ ሁለት ባትሪዎችና የእነሱ ማኖሪያ የሆነች የፕላስቲክ ሳጥን አብረው መጡ። አባቴ ሳጥኗን የስቴኪኒ ማስቀመጫ አደረጋት።

ብዙም ሳይቆይ አንዱን ባትሪ የሆነ ቦታ ጣለውና ገበያ ወጥቶ ሌላ ገዝቶ መጣ። ሱቃችን ውስጥ የስልክ ባትሪና የቻርጀሩን በኩል የምይዘው እኔ ነኝ። ተቀብዬ ሳየው ከወንድማችን ባትሪ ይቀላል። የለበሰው ፕላስቲክ አዲስ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን የድሮ ብየዳ ጠባሳ አለበት። የተጻፈበት የአቅም ቁጥር ደግሞ ያን የምታህል ባትሪ ልትሸከመው የማትችለው ውሸት ነበር።

«አባባ፣ ይኼ ከአሮጌ ላፕቶፕ ተፈቶ ልብስ የተቀየረለት ነው» አልኩት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ወንድሜ ከሚታወቅ ሱቅ እስኪገዛልህ በቀረችው በአንዷ ተጠቀም። ልብሱ የተቀደደ ባትሪ ደግሞ አይያዝም። ቁልፍ ያለበት ኪስ ውስጥም እንዳትከተው፤ ብረት ከነካው ይነዳል።»

«እኔ ድንጋይ ስሸጥ አንቺ አልተፈጠርሽም» አለኝ። ከዚያ ወደ ደንበኞቹ ዞሮ፣ «የተመለሰ ዕቃ ዋስትና ይሰጣል እንዴ?» ሲል ሱቁ በሳቅ ሞላ።

በዚያው ሰሞን እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከጉኑኖ ይመላለሱ ነበር። ልጁ መምህር ነው፣ ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፣ ሰውም ናቸው። አባቴ ሁለት ጊዜ «አስብበታለሁ» ብሎ መለሳቸው። የሚያስበው ነገር አልነበረውም፤ መለመኑ ጣፍጦት ነው። እህቴ ጥላው ልትሄድ ትችል ነበር። ግን ያለ ምርቃት ወጥታ የተመለሰች እኔን እያየች ነው ያደገችው፤ «አባባ እሺ ካላለ አላገባም» ብላ ቁጭ አለች። ሕይወቷ በዚያ ሰውዬ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ያ የገበያ ባትሪ ደከመ። አባቴም የሚያውቀውን አደረገ። ነከሰው፣ ጣሪያ ላይ አሰጣው፣ ከሰዓት አወረደው። ተቀብዬ አየሁት። ጥርሱ ያረፈበት ቦታ ፕላስቲኩ ተቦጭቆ ብረቱ ያብለጨልጫል።

«አባባ፣ ልብሱ ተቀዷል። ጣለው።»

ከእጄ ነጥቆኝ ሱሪው ኪስ ውስጥ ጨመረው። የሱቁ ቁልፎች በሽቦ ቀለበት ታስረው ከዚያ ኪስ ወጥተው አያውቁም፤ ለእኔ እንኳ አምኖ አይሰጣቸውም። ከዚያ ጓሮ ዞሮ፣ ጴንጤዎቹ እንዳያዩት በሌላኛው ባትሪ እየሳለ አጨሰ። ሳል ይዞ ስርቆት ማለት እሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ፊት የቆመው የልጁ አጎት፣ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ነው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። አባቴ ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ ጫማቸውን ያያል።

«ልጅቷ ጥሩ ነው፣ ልጃችንም ጥሩ ነው» አለ አጎትየው በወላይታ ቅላጼው። «እግዚአብሔር ያገናኘውን እኛ እንዴት እንለያለን?»

«በዚህ ጭቃ ሦስት ጊዜ!» አለ አባቴ። «ሰው ባያሳዝነኝ ጫማችሁ አሳዘነኝ።»

ይህን ብሎ እየሳቀ በወንበሩ ላይ ሲመቻች ቁልፎቹ ተንኮሻኮሹ። ቀጥሎ ፉጨት ሰማሁ። ኪሱ ጨሰ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ አባቴ ብድግ ብሎ ጭኑን በጥፊ ይመታ ጀመር። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ሱሪ! ሱሪ አውልቁለት!»

አጎትየው ነው። አባቴን ጠልፎ ወለሉ ላይ ጣለውና ቀበቶውን ፈትቶ፣ የሚነደውን ሱሪ በባዶ እጁ ጎትቶ በበሩ ወረወረው። ባትሪው ጭቃው ላይ እሳት እየተፋ ተሽከረከረ። አባቴ ከሱሪው ስር ምንም አልለበሰም ነበር። ሽማግሌው ጋቢውን ገፎ አለበሰው፤ መዳፉ ተልጦ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ» ይለዋል።

ሆስፒታል ጭኑን አይተው፣ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እሳቱ ወደ ላይ ይወጣበት ነበር አሉን። ከሆስፒታል ሲወጣ ቁስሉን ቤት የምታጥብለት እህቴ ሆነች። ፋሻው ቁስሉ ላይ ይደርቃል። እሷ በየጠዋቱ ተንበርክካ፣ ከጠርሙስ ውኃ ጠብ እያደረገች፣ ለስልሶ በራሱ እስኪለቅ ትጠብቃለች። እሱ ይሰድባታል፤ እሷ «ትንሽ ነው አባባ» ትለዋለች። ከእንግዲህ እንዴት እምቢ ይላል ብላ ሠርጓን በልቧ እየደገሰች ነበር። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አምኜ ነበር።

አንድ ጠዋት አጎትየው መዳፉን እንደታሰረ፣ ሙዝ ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ስለ ጋብቻው አንድ ቃል አላነሳም። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰውየው ለባዶ ጀርባ ጸልዮ፣ ሙዙን አስቀምጦ ሄደ።

እህቴ ተንበርክካ ውኃውን ልታፈስ ጠርሙሱን አዘንብላ ነበር። አባቴ ከግድግዳው ሳይዞር፣ «ራቁቴን ላየ ሰው ልጄን አልሰጥም» አለ። «በየለቅሶ ቤቱ ሲስቁብኝ ሊኖሩ? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም። ሂጂ ንገሪያቸው፣ ቂጥ ወጊ።»

እህቴ አላለቀሰችም። ጠርሙሱን ከደነችና ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። የደረቀውን ፋሻ ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። ከዚያ ሳበችው።

አባቴ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ብርድ ልብሱን ነከሰ። አንገቱን አዙሮ በር ላይ የቆምኩትን እኔን ፈለገኝ፤ «ልጄ» አለኝ፣ «ልጄ፣ ያዣት።»

ገባሁ። በአጠገባቸው አልፌ ሄድኩና ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋሁት።