ቅቤ የማይወጣለት እጅ

የባሌን ታላቅ እህት ፊት ለፊት «እትዬ፣ እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ማንም አያስገድደኝም፤ «እሷ» ናት።

ተድሬ ጉኑኖ አጠገብ ወደሚገኘው የባሌ ቤተሰብ ግቢ በገባሁ ሰሞን፣ ሴቶቹ ተሰብስበው የመናጫውን ገንቦ ፊቴ አስቀመጡ። የአዲስ ሙሽራ እጅ በንጠት ይታያል። ክንዴ እስኪዝል ናጥኩ፤ ቅቤ የሚባል ነገር የለም። ይሄኔ እሷ ወገቧን ይዛ፣ «ይህችስ እጇ ቅቤ አያወጣም» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ሙሽራ መልስ አትሰጥም። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የረጋውን እርጎ ለጓደኞቿ አጠጥታ፣ ገንቦውን የሞላችው ያኔውኑ በታለበ ወተት ነበር። ያልረጋ ወተት መልአክ ቢንጠውም ቅቤ አይሰጥም።

በኋላ ኑሯችንን እሷ ወደምትኖርበት ሶዶ ስናዞር ያ ቃል ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የሰፈሩ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ የቅቤ እቁብ ይጥላሉ። እኔን የጠራኝ የለም። ላሜ ወተቷ የተትረፈረፈ ነበር፤ ወተቱን ሸጬ ቅቤ ከገበያ እገዛለሁ። እውነቱን እያወቅኩ እንኳ ገንቦ ዳግመኛ አልነካሁም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ዘንድሮ ጊፋታ ሲቃረብ የጸሎት ቤታችን ወንጌላዊ ስለ አንደበት ሰበከ። እኛ ዘንድ ተጣልቶ ወደ አዲስ ዓመት መግባት ነውር ነው፤ እሱ ደግሞ ጨመረበት። «በሰው ላይ ክፉ ቃል የተናገረ ከበዓሉ በፊት ሄዶ ቃሉን ያንሳ» አለ። አንገቴን አዙሬ አየኋት። ማየቴን አየች።

በማግስቱ ባጃጅ ደጃፌ ላይ ቆመ። እሷ ሳትወርድ አንገቷን ብቻ ብቅ አደረገች።

«አንቺ፣ ይቅር ተባብለናል አይደል?»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ያው... የድሮውን።»

«በሴቶች ፊት ነው የተናገሩት፤ በሴቶች ፊት ያንሱት።»

ሹፌሩ ሳቀ። «አንተ መንገድህን ተመልከት!» ብላ ጮኸችበት፤ ባጃጁ እኮ ቆሞ ነበር።

ቃሉን ግን አነሳችው። የሴቶች ጸሎት ተራ እሷ ቤት በደረሰ ቀን ቆማ፣ «ያን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። በጌታ ስም አንስቻለሁ» አለች። ሁሉም «አሜን» አሉ። ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ከመዘምራኑ አንዷ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ግን፣ «ከተነሳማ ትናጥ!» አለች። ለበዓሉ የተዘጋጀው ገንቦ ጥግ ላይ ነበር፤ አምጥተው ፊቴ አኖሩት።

አሁን ቅቤው እምቢ ካለ፣ ያ ቃል በጸሎት ታትሞ ከእኔ ጋር መቃብር ይወርዳል። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች እሷ።

«መርጋቱን ነው፣ እትዬ። የዛሬውን።»

ፊቷ ልውጥ አለ። «ያኔ አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ክዳኑን መልሼ መናጥ ጀመርኩ። እሷ መግቢያ ስታጣ ጸሎት ያዘች። በበሽተኛ ላይ እንደሚጸለይ ገንቦው ላይ እጇን ጭና፣ «ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!» ትላለች።

«እትዬ፣ ቅቤ እኮ ነው፤ ሰይጣን አይደለም!» አለች ዘማሪዋ።

እኔም ሳቅኩ። ስስቅ ገላዬ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ገንቦውም አብሮኝ ይናጣል፤ እሷም አብራ ትናጣለች፣ እጇን አላነሳችማ! ድንገት ድምፁ ወፈረ፤ ከውስጥ ድብ፣ ድብ የሚል ነገር መጣ። ክዳኑን ስከፍት ቢጫ ቅቤ ተንሳፍፏል። እልልታው የጎረቤት ውሻ አስጮኸ።

የመጀመሪያውን እሷ በጣቶቿ ዝቃ አናቴ ላይ አደረገችልኝ። እኔም ለእሷ አደረግኩላት፤ አልሰሰትኩም። መነጽሯ ላይ ሲወርድ ጠርጋ ላሰችው። «ጥሩ ነው» አለች። እሷ ጥሩ ነው ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በጸሎት ቤት፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር «እጇ የተባረከ ነው» እያለች ታወራለች። የዚህች ሴት ቃል መቼም መሬት አይወድቅም። ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት ደጃፌ በገንቦ ተሞልቷል፤ አንዱ ከበዴሳ ድረስ በሞተር ሳይክል የመጣ ነው። አንዱ ደግሞ የራሷ። ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ትከሻዬ አለቀ።»

«ዝም በይ! ድካምን በአፍሽ አትጥሪ!» አለችና ዘጋችው።

የሌሎቹን እንዲሁ እንጣለሁ። የእሷን ግን ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። ረግቷል።