አሥራ ዘጠነኛዋ ኤሌክትሮን

ሰሞኑን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የተጠበሰ በቆሎ ስፈለፍል፣ የልጅ ልጄ ደብተሯን ዘርግታ ክብ በክብ ላይ ትስል ነበር። የፖታሲየም አቶም ነው። አየሁትና የጥንቱ ላብ እንደገና ጀርባዬ ላይ የወረደ መሰለኝ።

ያኔ በወጣትነቴ፣ እዚሁ ሐዋሳ የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ የሙከራ ጊዜዬ ነው። አንዲት ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብታ ታየኛለች። ከፈረመች ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልፈረመች ሻንጣዬን ይዤ ወደ አባቴ የእንሰት ጓሮ ነው። አባቴ ደግሞ «ልጄ መምህር ሆኗል» ብሎ ለመንደሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

መጣችና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የበልግ ሙቀት ነው፤ ጠመኔው እጄ ላይ ረጠበ። የፖታሲየምን አሥራ ዘጠኝ ኤሌክትሮኖች በኒውክለሱ ዙሪያ ላሉት ክብ እርከኖች፣ ለሼሎቹ፣ እያከፋፈልኩ ጻፍኩ፦ ሁለት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ስህተት! ሦስተኛው ሼል ገና ቦታ ቢኖረውም፣ አሥራ ዘጠነኛዋ እሱን አልፋ አራተኛው ላይ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ባለፈው ሳምንት ራሴ ያስተማርኩት ነው እኮ። ፍርሃት ሲይዝ ሰው የገዛ ስሙንም ይረሳል።

ተማሪዎቹ ጸጥ ብለው ጻፉ። ሱፐርቫይዘሯ ተነስታ የአንዷን ደብተር አየች፤ ቀጥላ የሌላውን። ሁሉም ላይ ሁለት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ አንድ!

«ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ ይላል። ለምን አልነገራችሁትም?» አለች።

አስቴር የምትባል ተማሪ አንገቷን ደፍታ ተነሳች። «እንግዳ ፊት ቲቸርን ማረም ነውር ነው» አለች።

ዞሬ ሰሌዳውን አየሁ። እውነትም ዘጠኝ!

«ልትፈትናቸው ሆን ብለህ ነው?» አለችኝ ሱፐርቫይዘሯ።

መውጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። ግን ለእኔ ብለው ዝም ያሉ ልጆች ፊት እንዴት ልዋሽ?

«የለም፣ ተሳስቼ ነው። እርስዎን ፈርቼ» አልኩ።

ሳቀች። «እኔን ብትፈራም ያስተማርከው አልጠፋም» አለችና እዚያው ፈረመች።

እፎይ! ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ሐይቁ ዳር ሄጄ አንድ ሙሉ የተጠበሰ ዓሣ ከሚያቃጥለው የዳጣ ማባያው ጋር ብቻዬን ጨረስኩ። እንደዚያ የጣመኝ ምግብ አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ በገባሁበት ክፍል ሁሉ «ስሳሳት ንገሩኝ፣ እንግዳ ቢኖርም» እል ነበር። ጡረታ እስክወጣ ግን እንግዳ ፊት ያረመኝ ልጅ የለም። ይሉኝታ ይጎዳል ሲባል እሰማለሁ፤ እውነትም ይሆናል። እኔ ግን እነዚያን ልጆች ባሰብኩ ቁጥር፣ ዕድሜ ይስጣቸው እላለሁ፤ አፋቸው ሸፈነኝ፣ እጃቸው መሰከረልኝ።