በአንድ ጃንጥላ የመጡት ባለጉዳዮች

ሳይጠየቅ ፍርድ የሚሰጥ ሞኝ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁላችሁ። ያውም ዳኛ ሳልሆን፣ መቱ ውስጥ የአንድ ጠበቃ ረዳት ሆኜ። ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ጸጉርም ነበረኝ።

አንድ ዝናባማ የችሎት ቀጠሮ ጠዋት ደንበኛችን፣ ከዳሪሙ የሚመጡ እትዬ፣ በቡና መሬታቸው ከከሰሱት ጎረቤት ጋር በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው እየተሳሳቁ ቢሯችን ከች አሉ። ደስ አለኝ።

«እሰይ! በሉ ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ የቀረውን እኛ እንጨርሳለን» አልኳቸው።

ቀጠሮው የተራዘመ መስሏቸው መርቀውኝ ሄዱ።

ጠበቃው ሲመጡ «ደንበኛችን የታሉ?» አሉኝ።

«ታርቀው ሄዱ።»

«ማን ነገረህ?»

«ጃንጥላው።»

«አንተን ማን ዳኛ አደረገህ? ካልቀረቡ እኮ መዝገቡ ይዘጋል፤ ሩጥ!»

በዚያ ዝናብ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ፤ መኪናው ሳይሞላ ደረስኩባቸው። ሁለቱ በጃንጥላቸው፣ እኔ ከኋላ ዝናብ እንደመታው ዶሮ፣ ስማቸው ሳይጠራ ችሎት ደረስን። ዛሬም መቱ ላይ ዝናብ ሲጀምር ያቺ ጠዋት ትናፍቀኛለች።

ከችሎት ሲወጡ እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ራሴን እያደረቁልኝ፣ «ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዝናቡም የጋራ ነው። ጃንጥላው የሱ ነው፤ መሬቱ ግን የኔ ነው። ሁለተኛ ሳትጠይቀኝ እንዳታስታርቀኝ» አሉኝ።