ፀሐይ የማትስማማት ልጄ

የያዙኝ ጎጃም በረንዳ፣ እህል መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጬ የተቀደደ ጆንያ ስሰፋ ነው። ከጆንያዎቹ መሀል የተቃዋሚ ወረቀት ተገኘ። ሁለተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ምን እንደሚል እንኳ አላወቅሁም።

የታሰርንበት ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። በቆርቆሮው ቀዳዳ ፀሐይ ስትገባ ሌሎቹ እጃቸውን ይዘረጉላታል፤ እኔን ግን ታስፈራኛለች። የሰባት ዓመት ልጄን ፀሐይ ትንሽ ከነካቻት ፊቷ ተቃጥሎ ይቆስላል። ቀን ቀን መስኮቱን ሸፍኜ ነው የማሳድጋት። አሁን ጎረቤቴ ጋ ናት። ጎረቤቴ ደግሞ ደግ ሰው ብትሆንም፣ «ልጅ ፀሐይ ካልሞቀች ትጠወልጋለች» ባይ ናት።

አጠገቤ ያለችው ወጣት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች።

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው የማይተኙት?» አለችኝ።

ነገርኳት። የልጄ አባት እርግማን ነው ብሎ ጥሎን እንደሄደ፣ እኔም አርግዣት ፀሐይ ላይ ስለዋልኩ ይሆናል እያልኩ እንደምብሰለሰል።

«ከሱ አይደለም። ፀሐይ የሁላችንንም ህዋስ ትጎዳለች። ውስጡ ዲኤንኤ የሚባል እንደ ክር የተገመደ ነገር አለ፤ እሱን ታበላሸዋለች። ሰውነት ግን ይጠግነዋል። እርስዎ ጆንያ እንዴት ነው የሚጠግኑት?»

«የተበላሸውን ቆርጬ አወጣለሁ። ከዚያ ደህናውን እያየሁ፣ ባዶውን በክር እሞላለሁ።»

ሳቀች። «እኔ ይቺን ለማስተማር ሦስት ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል። ልክ እንደዚያ ነው። የልጅዎ መጠገኛ ግን ሲፈጠር ጀምሮ ስህተት አለበት። ግማሹ ከእርስዎ፣ ግማሹ ከአባቷ የመጣ ነው፤ ሁለታችሁም ሳታውቁት።»

«ታዲያ ሰውየው የራሱን ግማሽ ትቶ ነው የሸሸው በያ» አለች አብራን የታሰረች በርበሬ ነጋዴ ከጥግ። ሁላችንም ሳቅን።

«መድኃኒትስ?» አልኳት አስተማሪዋን።

«የለውም። ከፀሐይ መጠበቅ ብቻ ነው። የሚያደርጉት ልክ ነው።»

በሰባት ዓመት ልክ ነሽ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ጠርቶ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «ፈርሚና ልጅሽ ጋ ሂጂ።»

«ያንብቡልኝ» አልኩ።

አነበበልኝ። የተቃዋሚውን ወረቀት ያመጣው ጆንያ የሚያመላልስልኝ ኩሊ ነው ይላል።

«እሱ ሲያመጣ አላየሁም።»

«ልጅሽስ?»

እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ያላየሁትን አልፈርምም። ለጎረቤቴ ግን ልጅቷን ፀሐይ ላይ እንዳታወጣት ይንገሩልኝ።»

ማንም አልነገራትም። በአሥራ አንደኛው ቀን ስፈታ የልጄ አፍንጫ ቆስሎ ጠበቀኝ። ጎረቤቴ ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቃት ነበር፤ ለደግ ብላ።

ጠባሳው አሁንም አለ። ኩሊው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሸክሙን አውርዶ ሰላም ይለኛል፤ ነገሩን አያውቅም። ለልጄ ግን ካደገች በኋላ ነገርኳት። አፍንጫዋን ዳሰስ አድርጋ «እንኳን አልፈረምሽ» አለችኝ። እኔ ይቺን «እንኳን» እስከ ዛሬ ከአፌ ማውጣት አቅቶኛል። ቢሆንም ያን ወረቀት ዛሬም ቢያመጡልኝ አልፈርመውም።