ከበቅሎ አልወርድም ያለችው አሜሪካዊት

አሜሪካውያን ዛሬም ለነፃነታቸው የሚነሱ ይመስልሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰውዬ፣ ጥያቄውን ተራራው አናት ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ስንወጣ ጀምሮት ስንወርድም አልጨረሰውም። እኔ አስጎብኚ ነኝ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጠይቁኝ፣ ስለ ድንጋዩ ጠይቁኝ፣ ስለ አየሩም ቢሆን እመልሳለሁ። የአሜሪካን ሕዝብ ልብ ላስታ ተወልዶ ያደገ ሰው ከየት አምጥቶ ያውቀዋል?

እሱ ደግሞ መልስም አልፈለገም። የአገሬ ሰው ሰንፏል፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥን ያያል፣ አውሮፕላን ጣቢያ ጫማህን አውልቅ ሲሉት ያወልቃል፣ ስልኩን ቢጠልፉትም ዝም ይላል፣ አባቶቻችን ቢያዩን ያፍሩብን ነበር እያለ ዳገቱን ሙሉ ሲያማርር ወጣ። ትንፋሽ ሲያጥረው እንኳ አይተወውም፤ ቆም ብሎ ያለከልክና ካቆመበት ይቀጥላል። ሚስቱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት በበቅሎ ነበር የመጣችው፤ ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል አልተናገረችም።

የበቅሎዋ ባለቤት ከተራራው ሥር የሚያርሱ ጎረቤታችን ናቸው። ሰውዬው ምን ሆኖ እንደሚቆጣ ጠየቁኝ። ነፃነታችን ተወሰደ ነው የሚለው አልኳቸው። ማን ወሰደበት አሉኝ። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ባዞረው እስከ ማታ ስለማንጨርስ ተውኩት።

እኚህ ሰው የተቀጡት እንዲህ ባለ ጥያቄ ነበር። ከወር በፊት በቀበሌው ስብሰባ ላይ፣ የወል ግጦሹ ሆቴል ለሚሠራ ባለሀብት ከተሰጠ ከብቶቻችንን የት እናሰማራ ብለው ጠየቁ። ጠየቁ እንጂ አልተቃወሙም። ሰብሳቢው ፀረ ልማት አላቸው፤ በሳምንቱ ስማቸው ከበቅሎ ተራ ተሰረዘ። በከተማችን እንግዳ የሚጭን በቅሎ ሁሉ የሚሠራው በተራ ነው። ተራ የሌለው ሰው በቅሎውን ከደጁ ባያወጣት ይሻለዋል። እኔም ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ሰብሳቢው ሲጨርስ አጨብጭቤያለሁ። የአስጎብኚነት ፈቃዴ የሚታደስበት ወር ስለነበረ ጠንከር አድርጌ ነው ያጨበጨብኩት።

ኀፍረቱ አልለቅ ስላለኝ ነው ያን ቀን ተራውን ዘልዬ በድብቅ እሳቸውን የጠራኋቸው። ከከተማው ወጣ ብለው እንዲጠብቁን፣ ስንመለስም እዚያው እንድንለያይ ተነጋገርን። ይሁን እንጂ ስንወርድ የሴትዮዋ ጉልበት አበጠ። እሳቸውም የታመመች እንግዳ መንገድ ላይ አላወርድም፣ ማረፊያዋ በር ላይ ራሴ ደግፌ ነው የማወርዳት ብለው ድርቅ አሉ። ለመንኳቸው፤ ተቆጣሁም። እንግዳን ከበቅሎ ደግፎ ማውረድ የባለቤቱ ፋንታ ነው፤ ይህን ላስታ ውስጥ ማንንም ማስጣል አይቻልም። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ በበቅሎ ተራው ፊት ለፊት አለፍን።

ተራ አስከባሪው ወዲያው ልጓሙን ያዘ። ሴትዮዋ ትውረድ፣ በቅሎዋ ቀበሌ ግቢ ገብታ ትታሰራለች አለ፤ ለእንግዶቹ ተረጎምኩላቸው። የጎረቤቴ ፊት አመድ መሰለ። የዚያ ዓመት አዝመራ ተበላሽቶባቸው ስለነበር፣ በድብቅም ይሁን በግልጽ ቤተሰቡ ተስፋ ያደረገው በዚያች በቅሎ ላይ ነበር።

ቀኑን ሙሉ አባቶቹን ሲጠራ የዋለው ባል ፈጥኖ ወደ ሚስቱ ተጠጋ። ውረጂ፣ በሰው አገር ሕግ ምን አገባን አላት። ሴትዮዋ ኮርቻውን በሁለት እጇ ያዘችና አልወርድም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«እኚህ ሰው ምን እንዳጠፉ ይንገረኝና እወርዳለሁ። ልክ እንዳልኩህ ንገረው።»

ሰው ተሰብስቧል። ተራ አስከባሪው እኔን ያያል፣ ጎረቤቴም እኔን ያያሉ። የተባለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከባድ ቃል እንኳ የለውም። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ነገሥታትንና መላእክትን ስተረጉም ኖሬያለሁ።

«እግሯ ደንዝዞ መውረድ አቃታት» አልኩት።

ሁሉም አዘነላት። ከሱቅ ወንበር ወጣ፤ ተራ አስከባሪው ራሱ የታሸገ ውሃ አስመጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። ችግር የለም፣ አልቋል ብሏል አልኳት። ፈገግ አለች። የጎረቤቴን ትከሻ ተደግፋ ወረደችና እጃቸውን ጨበጠች፤ እኔንም ደፋር ነህ ብላ አመሰገነችኝ። ያረፉበት ሆቴል ጥቂት እርምጃ ነበር የቀረው። ባልየው እዚያ እስክንደርስ ድረስ የአገሩ ሰው እንዴት እንደማይነሣ ያስረዳኝ ነበር። አጠገቡ እያነከሰች የምትሄደውን ሴት አላያትም። ልጮህበት ምንም አልቀረኝም፤ ግን በየትኛው አፌ?

ስመለስ በቅሎዋ ቀበሌ ግቢ ገብታለች። ጎረቤቴ ኮርቻውን ተሸክመው አጥሩ ሥር ቆመዋል። ነገ ሄጄ አነጋግርልዎታለሁ አልኳቸው። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ሴትዮዋ ያለችውን አልነገርካቸውም አይደል?»

እንግሊዝኛ አይሰሙም። በምን አወቁ አልኳቸው።

«ብትነግራቸው ውሃ አያመጡላትም ነበር።»