ማይኩ የእሷ፣ ወረቀቱ የእኔ

ቅናቴን ሳልደብቅ ልጀምር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ፣ ካናዳ አገር፣ ካልጋሪ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ የሬዲዮ ስቱዲዮ ከመስተዋት ጀርባ ተቀምጬ፣ ከመስተዋቱ ወዲያ ማይክ ፊት የተቀመጠች ሴት ስታነብ እያየሁ አርሬአለሁ። የምታነበው እኔ የጻፍኩትን ነው። ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ የምተረጉመው እኔ፣ በእጄ ገልብጬ የማዘጋጀው እኔ፣ የሙዚቃውን ቴፕ የማስነሳው እኔ፣ በአሮጌ መኪናዬ ወስጄ የምመልሳትም እኔ። ሰው የሚያውቀው ግን እሷን ነው።

የስደተኛ ቋንቋዎችን የሚያስተናግድ አንድ ትንሽ ጣቢያ ነበር ለአማርኛ ግማሽ ሰዓት የሰጠን። ሲሰጠን አንድ ነገር አስጠንቅቆናል። ዜናም ወቅታዊ ጉዳይም አቅርቡ፣ ለማንም ግን አትወግኑ፤ ወገናችሁ ከተባለና እውነት ሆኖ ከተገኘ ሰዓቱ ለሌላ ቋንቋ ይሰጣል። ይህ ለእኛ እሳት ጨብጣችሁ አትቃጠሉ እንደማለት ነበር። አገር ቤት ጦርነት አለ። ካልጋሪ ያለነው ሰዎች ገሚሳችን ከአዲስ አበባና ከየክፍለ ሀገሩ የመጣን፣ ገሚሳችን በአማርኛ የተማርን የአስመራ ሰዎች ነን። ግሮሰሪ ውስጥ ስንገናኝ ተሳስመን ሰላም እንባባላለን፤ የአገር ነገር ሲነሳ ግን እያንዳንዱ ዘንቢሉን አንስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንባቢ የመረጡልን አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ ዳውንታውን የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ሆነው የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ካለው ቤታቸው ጠርተው፣ ሳሎን አስቀምጠው፣ ያንኑ አንድ ገጽ ዜና በየተራ አስነበቡን። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ትምህርት ቤት በሰልፍ ፊት ግጥም ሳነብ የሚጨበጨብልኝ ልጅ ነበርኩ። እሷ የአስመራ ልጅ ናት። አማርኛ ግቢዬ ነው፣ በገዛ ግቢዬ ማን ይቀድመኛል ብዬ ነበር። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙንና እሷን መረጡ።

"ምን አጥፍቼ ነው ጋሼ?" አልኳቸው ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቄ።

"ምንም አላጠፋሽም። አነባበብሽ ደስ ይላል። ግን ልጄ፣ አንቺ ስታነቢ ማንን እንደምትወጂ ይታወቃል።"

ተርጓሚ አደረጉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሷን ጥፋት ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ ኖርኩ።

ይባስ ብሎ አንድ ቤት ነበር የምንኖረው፤ ዶቨር የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤዝመንት ለሁለት ተከራይተን። ስለዚህ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለ ጦርነቱ ከተነሳ ማማሰያዋን እንደያዘች ትሟገተኛለች፣ ወጡ እስኪያር ትሟገተኛለች። ቅዳሜ ማይኩ ፊት ስትቀመጥ ግን ያ ሁሉ ነገር የት እንደሚገባ እንጃ፤ ድምጿ ለብ ያለ ውኃ ይሆናል። አንድ ቀን እራት እየበላን አላስችል አለኝ።

"ይሄ እኮ ግብዝነት ነው" አልኳት። "አስተያየትሽን ደብቀሽ የምታነቢ ከሆነ ከቴፕ ሪኮርደር በምን ትለያለሽ? የሚሰማሽ ሰው ማን እንደሆንሽ የማወቅ ራይት አለው።"

"አንቺን ስሟገትሽ መልስ ትሰጪኛለሽ። ደግሞም ትሰድቢኛለሽ" አለች እየሳቀች። "ሬዲዮ የሚሰማው ሰውዬ ግን ምን ያድርግ? ሬዲዮኑን ይሳደብ? መልስ ሊሰጠኝ በማይችል ሰው ላይ የኔን ሐሳብ አልጭንም።"

ሳህኔን አንስቼ ከጠረጴዛው ተነሣሁ። ሳቋም አናደደኝ።

አንድ ቅዳሜ ከእኛ ወገን አንዱ ቤት ድረስ ደውሎ "የወንበዴ አፍ" አላት። ማታውኑ ደግሞ ከእነሱ ወገን አንዱ ደውሎ "የደርግ አፍ" አላት። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ ለአስተያየታቸው አመስግና ዘጋችና "ዛሬ ደህና አንብቤያለሁ ማለት ነው" አለችኝ። እኔን ማንም ደውሎ ሰድቦኝ አያውቅም። በስድቧ እንኳ ቀናሁ። ምቀኛ አታሳጣኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው አለ፤ እሷ ሳትጸልይ እኔን ሰጥቷታል።

ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነበር። ደብዳቤው ከቆመ ወራት አልፎታል። ይህንንም የምታውቀው እሷ ናት፤ ፖስታ ሳጥኑን ከፍቼ በገባሁ ቁጥር "መጣ?" ትለኛለች፣ "አልመጣም" እላታለሁ፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

የዊንተር ኦሎምፒኩ እንግዶች ከከተማው በወጡ ማግስት በነበረው ጸደይ፣ ሰሜን ውስጥ ትልቅ ውጊያ ተደረገ ተባለ። እዚህ ያሉት ጋዜጦች ከሁለት ከሦስት መስመር በላይ አልጻፉም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በአንዱ የእሷ ሁኔታ ተለወጠብኝ። ስልክ ሲጮህ ከእኔ ቀድማ ትሮጣለች። "እሺ ጋሼ። አሁን የለችም፣ ሥራ ናት። እሺ" ስትል በሩ ላይ ደርሼ ሰማኋት፤ ስታየኝ ወዲያው ስለ አየሩ ማውራት ጀመረች። በርበሬ ልንገዛ ሕንዶቹ ሱቅ ገብተን ሁለት የምናውቃቸው እትዬዎች እሷን ጥግ አስይዘው ሲያንሾካሹኩ ቆዩ፤ ወደ እኔ ሲመጡ ዓይኔን ሳያዩ ጉንጬን ሳሙኝ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ "እሑድ ሺፍት አለሽ እንዴ? ካለሽ ካንስል አድርጊው" አለችኝ።

"ለምን?"

"እንዲሁ። ቤት እንድትሆኚ ፈልጌ ነው።"

ነገሩ ገባኝ አልኩ። ጣቢያው ሰዓታችንን ወደ ሙሉ ሰዓት ሊያሳድግ ነው የሚል ወሬ ነበር። እንግዲህ ሰዓቱን ለእሷ ሰጥተው፣ እሑድ ጋሼን ይዘው መጥተው፣ አንቺስ ይብቃሽ፣ ድካምሽን እናመሰግናለን ሊሉኝ ነው። የምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ይህንን ሳመነዥግ ዋልኩ። በዚያ ቀን አንድ ሰው ቢነካኝ እነክሰው ነበር።

ዓርብ ዜናውን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ጋዜጣው ስለ ሰሜኑ ውጊያ ያለው፣ ሁለቱም አሸነፍን ይላሉ፣ እውነቱን ማጣራት አልተቻለም የሚል ነው። እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "በሰሜን ግንባር የወገን ጦር ወንበዴዎችን ደምስሷል። ከወገን ጦር በኩል የሞተ ሰው የለም።" ካነበበችው የአስመራ ሰዎች ዓይኗን ማየት ያስጠላቸዋል። ዘላ ካለፈችው፣ ያው የእነሱ ናት፣ ድላችንን ደበቀች ብዬ ለጋሼ እናገራለሁ። እንደወትሮው መኪና ውስጥ ቀድማ እንዳታየው ደግሞ ገልብጬ አልጨረስኩም ብዬ፣ ልትገባ አንድ ደቂቃ ሲቀራት ሰጠኋት። የምናስተላልፈው በቀጥታ ነው።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ተንኮል ብቻ አልነበረችም። እንዲሆንልኝ የምመኘውም ነበር።

የሰሜኑ ዜና ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ሬዲዮ ላይ ሦስት ሰኮንድ ዝምታ ብዙ ነው። ቀና ብላ በመስተዋቱ አየችኝ። እኔም አየኋት፤ እስቲ አሁን ገለልተኛ ሁኚ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ወረቀቱን ትታ፣ እኔን እንዳየች፣ "በሰሜን ግንባር ከባድ ውጊያ ተካሂዷል። ሁለቱም ወገኖች አሸነፍን ይላሉ። ማን እንደሞተ አናውቅም" አለች። የመጨረሻዋ ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ። ከዚያ ስለ ከተማው አውቶቡስ ማንበብ ቀጠለች።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ማንን እንደምትወድ ታወቀ። ለወገኖቿ ሆዷ ባባ፣ ተያዘች አልኩ። መኪና ውስጥ ስለ ወረቀቱ ታነሳለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። አላነሳችም። ዶቨር ስንደርስ ብቻ "ነገ ሺፍት የለሽም አይደል?" አለች።

"የለኝም።"

"ጥሩ።"

እሑድ ሊነጋጋ ሲል በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ከነካፖርታቸው ቆመዋል። ከኋላቸው የሕንዶቹ ሱቅ እትዬዎች፣ ከእነሱ ኋላ የእኛም የአስመራም ሰዎች፣ ደረጃውን ሞልተውታል። "የደርግ አፍ" ብሎ የሰደባት ሰውዬም ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። በማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ሐበሻ ለምን እንደመጣ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

"ወንድሜን?" አልኩ።

"እግዜር ያጽናሽ ልጄ" አሉ ጋሼ።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ለጋሼ ደውለው የነገሯቸው ማክሰኞ ነው። አገር ቤት ቢሆን በማግስቱ ጠዋት ተረድቼ ነበር። እዚህ ግን ሁሉም ሥራ የሚፈታው እሑድ ስለሆነ፣ ብቻዬን እንዳላለቅስ እሑድ ተጠበቀ። አብራኝ ለምትኖረው ቀድሞ መነገር ስላለበት እሷ ከማክሰኞ ጀምሮ ታውቃለች። ይህንን ሁሉ የተረዳሁት ልቅሶው ጋብ ካለ በኋላ ነው። ከወገን ጦር የሞተ የለም ብዬ ጽፌ የሰጠኋት፣ ወንድሜ መሞቱን ለምታውቅ ሴት ነበር። ማን እንደሞተ አናውቅም ያለችውም ለከተማው አልነበረም። ለእኔ ነበር።

ከአርባው በኋላ ጋሼ ቤት ተሰበሰብን። ተነሥታ "አየር ላይ የማውቀውን አላውቅም ብያለሁ። ለአንድ ሰው ብዬ ሰሚውን ሁሉ ዋሸሁ። ማይኩን ሌላ ሰው ይያዝ" አለች።

"መርዶ መደበቅ እኮ ውሸት አይባልም" አሉ ጋሼ።

"ቤት ውስጥ አይባልም ጋሼ። ሬዲዮ ላይ ይባላል።"

ጋሼ "ለመሆኑ ወረቀቱ ምን ይል ነበር?" ሲሉ አጎነበስኩ።

"ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የምጠየቀውም እኔ ነኝ" አለችና ተቀመጠች። እኔም አፌን ዘጋሁ። ይህን ለሰው ስናገር የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ማይኩ ለእኔ ተሰጠ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን የጻፈችው እሷ ናት፤ ከመስተዋቱ ወዲያ ቴፑ ዘንድ የተቀመጠችውም እሷ። የሰሜን ዜና ነበረበት። ያን ዜና ሳነብ አፌ ሊል የፈለገውን እኔ ነኝ የማውቀው። እሷን እያየሁ፣ እንደተጻፈው፣ አንድም ሳልጨምር አነበብኩት።

እንደጨረስን የስቱዲዮው ስልክ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። "ዛሬ ማንን እንደምትወጂ አላወቅኩም" አሉኝ። ለዚያ ቃል ሦስት ዓመት ጠብቄአለሁ። ስልኩን እንደያዝኩ ዞር ብዬ በመስተዋቱ አየኋት። ቴፑን እያጠነጠነች ነው፤ ቀና ብላ ስታየኝ ፊቷ በሙሉ ሳቀ። ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ ፈተሽኩት፣ ምንም አላገኘሁበትም። ለአመል ያህል፣ ትንሽ እንኳ ብትቀናብኝ ምን ነበረበት።