የእናቴ ጆሮና የአባቴ እቶን

አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበር። ማሰሮውን ሠርቶ ሲጨርስ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ታቹን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ማሰሮው ካፈሰሰ ገዢው የጣቱን ምልክት አይቶ ደጃፉ ድረስ ይመጣበታል፤ ክርክር ብሎ ነገር የለም። በኋላ የሸክላ ፋብሪካ ሲከፈት ግን የጣት ምልክት ቀረ። አንዱ ጭቃ ያቦካል፣ አንዱ ይቀርጻል፣ አንዱ እቶን ውስጥ ያበስላል፤ መጨረሻ ላይ አንድ መርማሪ ተቀምጦ ደኅናውን ከብልሹው ይለያል። የቤታችን ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው። የእቶኑ ሠራተኛ አባቴ፣ መርማሪዋ እናቴ ነበሩ።

እናቴን ሠራተኛው ሁሉ «ጆሮ» ይላታል። ትልቁ መስኮት ሥር ተቀምጣ እያንዳንዱን ኩባያ በእንጨት ማንኪያ መታ ታደርገዋለች። ደኅናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ውስጥ ውስጡን የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የታፈነውን ጓሮ ካለው ክምር ላይ ትወረውረዋለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በአቧራው መሐል ስትገባ፣ ያ ድምፅ ሲደጋገም፣ እናቴ ዓይኗን ገልጣ ሕልም የምታይ ትመስል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ እንጂ ጠርቼ ላባንናት አልደፍርም።

ራት ላይ ግን ሕልም የለም።

«ዛሬም ሰበርሽብኝ አይደል?» ይላል አባቴ።

«እኔ ምን ሰበርኩ? ተሰንጥቆ ነው የመጣው።»

«አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለሽ ብታሳልፊው ምን ነበረበት?»

«የሰው ልጅ ትኩስ ነገር ቀድቶበት ይቃጠልልህ?»

እንዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ይቀመጣሉ። የሚገርመኝ፣ ከሥራ ሲመለሱ አንድም ቀን ተነጣጥለው አያውቁም። እየተኳረፉም ጎን ለጎን ነው የሚመጡት።

አንድ ጊዜ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። የጓሮውን ክምር አይቶ ራሱን ያዘ። «ይሄ ካልቀነሰ የእቶኑ ሰውዬ ይሰናበታል» አለ። እናቴ ክው አለች። ባሏን የምታስባርረው በገዛ ማንኪያዋ ነው፤ የተሰነጠቀውን ደኅና ነው ብላ ማሳለፍ ደግሞ አይሆንላትም። በዚያ ሰሞን በእንቅልፏ ኩባያዎቹ በአባቴ ድምፅ ይጠሯት ነበር።

በመጨረሻ ማንኪያዋን ይዛ፣ ጓሮውን አቋርጣ እቶኑ ጋ ሄደች። በዚያ ሁሉ ዘመን ረግጣው አታውቅም፤ መርማሪ ሠሪው ዘንድ ምን ሊሠራ ይሄዳል? አባቴ ትናንት ያበሰላቸው ኩባያዎች ገና እቶኑ ውስጥ እንደተደረደሩ ነበሩ። አንድ በአንድ መታቻቸው። ጥግ ያሉት ጮኹ፤ መሐል ያሉትም ጮኹ። በሩ አጠገብ ስትደርስ ድምፁ ታፈነ። ቀጥሎ ያለውም ታፈነ።

«እቶኑ ሳይቀዘቅዝ ነው በሩን የምትከፍተው?»

አባቴ መሬት መሬት ያያል።

«እኮ ንገረኛ! ቀዝቃዛው አየር እኮ ነው የሚሰነጥቀው። ምን አስቸኮለህ?»

«በሩን ሳልከፍት ከሥራ መውጣት አይፈቀድልኝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያንቺ መውጫ ደወል ደግሞ ቀድሞ ነው የሚደወለው። እስኪቀዘቅዝ ከጠበቅኩ ብቻሽን ልትሄጂ ነው።»

እናቴ ማንኪያዋን እንደያዘች እዚያው ቁጭ አለች። ትሳቅ ታልቅስ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እኔ ሁለቱንም ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ እቶኑ ሳይቀዘቅዝ በሩ ተከፍቶ አያውቅም። ክምሩ ሟሸሸ፣ አባቴም ከሥራው አልተነሳም። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ብልሽት ሲያይ «ማነው?» ማለቱን ትቶ «ከየት ጀመረ?» ማለት ለመደ። እናቴ ደወሏ ሲደወል ጓሮውን ታቋርጥና የእቶኑን ግድግዳ ተደግፋ፣ ሙቀቱን እየሞቀች አባቴን ትጠብቃለች። አንዳንዴም እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋታል። እኛ ልጆች ራት ዘገየ ብለን እናጉረመርማለን። እነሱ ግን አሁን እያወሩ ነው የሚመጡት።